ፎገራ በባዕድ ካርታ ላይ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታ ይደርሳል። ከወረታ አንዱ መንገድ ወደ ሰሜን ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። በስተ ምዕራብ በኩል ያለው ሜዳ ነው፤ ሜዳውም ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ሄዶ ጣና ውስጥ ይገባል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው በዚህ ሜዳ ላይ ያልፋሉ። ክረምት በበረታ ጊዜ ሁለቱም ከአልጋቸው እየወጡ አገሩን ውኃ ያለብሱታል። ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በርጥቡ ጥቁር አፈር ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ስሙ በሩቅ የታወቀው የፎገራ ከብትም ውኃው የለቀቀውን ሣር እየተከተለ ይግጣል። ዛሬ ፎገራን ያስጠራው ሩዝ ግን እንግዳ እህል ነው፤ ወደዚህ ሜዳ የገባው ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ይህን ሁሉ በመግቢያችን ያነሣነው ስለ እርሻ ለመጻፍ አስበን አይደለም። የፎገራ ሰው ጓያውን እየዘራ፣ ከብቱን እያገደ፣ ለገዢው ግብሩን እየገበረ በኖረባቸው በእነዚያ አርባ ዓመታት ውስጥ፣ ከ1894 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ማለት ነው፣ ይህ ሜዳና የሚያፈስበት ሐይቅ በሎንዶንና በሮማ በተጻፉ ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ የሌላ ሰው ድርሻ ተብሎ ተመዝግቧል። ነገሩን ለፎገራ ሰው የነገረው አልነበረም። ለአዲስ አበባ መንግሥት እንኳ የተነገረው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በትምህርት ቤት የዓለምን ታሪክ የተማረ ወጣት የሳይክስንና የፒኮን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ማርክ ሳይክስ እንግሊዛዊ፣ ፍራንሷ ዦርዥ ፒኮ ፈረንሳዊ ነበሩ። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ገና ሳይወድቅ፣ በ1908 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ሁለቱ መንግሥታት እነዚህ ሰዎች በተስማሙበት መሠረት የዓረብን አገር በካርታ ላይ መስመር ስበው ተካፈሉት። መስመሩ ከባሕር ዳርቻ ከአካ ተነሥቶ በምድረ በዳው ላይ ወደ ኪርኩክ አቅጣጫ የሚሄድ ነበር። የቱርክ መንግሥት ከወደቀ በኋላ መስመሩ እንደ ነበረ አልጸናም፤ ለፈረንሳይ ተመድቦ የነበረው ሞሱል እንኳ ለእንግሊዝ ተለቀቀ። ሆኖም ኢራቅ፣ ሶርያ፣ ሊባኖስ፣ ፍልስጥኤምና ማዶ ዮርዳኖስ የተባሉት አገሮች የወጡት ከዚሁ አካሄድ ነው። ኢራቅን ብንመለከት ሞሱል፣ ባግዳድና ባስራ የተባሉ ሦስት የቱርክ ጠቅላይ ግዛቶች በአንድ ላይ ተሰፍተው የተሠራች አገር ናት።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ይህ ነው፤ የሳይክስና የፒኮ ውል ከመጻፉ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አስቀድሞ፣ በዚያው በሎንዶን ከተማ፣ ይፈርሳል ተብሎ ለታሰበ ሌላ መንግሥት እንዲህ ያለ ወረቀት ተዘጋጅቶ ነበር። ይፈርሳል የተባለውም መንግሥት የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር።

የዚህ ነገር መነሻው ጥቂት ቀደም ይላል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚወስን ውል ተፈራረሙ። ውሉ ስለ ወሰን ነው፤ በሦስተኛው አንቀጹ ግን ድንገት ስለ ውኃ ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃው ወደ ዓባይ እንዳይወርድ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ፣ ሌላውም እንዲሠራ እንዳይፈቅዱ ይላል። እንግሊዞች ይህን አንቀጽ ሲተረጕሙት ያለ እነርሱ ፈቃድ በጣና ላይ ምንም ሥራ መሠራት የለበትም የሚል ፍች ሰጡት። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ ማገድ ሌላ፣ ከውኃው መጠቀም ሌላ ነው ሲል ተከራከረ። የክርክሩ ፍሬ ሁሉ በአንዲት ግሥ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው «ቢፈልጉ ይችላሉ» ሲል የኢጣልያንኛው «ይገደዳሉ» ብሎ ያመጣውን ጦርነት ለሚያስታውስ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በመሥሪያ ቤታቸው የውጭ አገር ውል የሚያልፍባቸው ወጣት ሹማምንት ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያነቡ ጊዜ አጠፉ የሚላቸው አይኖርም ብለን እናምናለን።

ከዚያም 1898 ዓ.ም. መጣ። በመጋቢት ወር ራስ መኰንን ሐረርጌ ላይ ዐረፉ። የዳግማዊ ምኒልክም ጤና መታወክ ጀመረ፤ ዙፋኑን ማን እንደሚወርስ የታወቀ ነገር አልነበረም። በአዲስ አበባ የነበሩት የሦስቱ ጎረቤት ቅኝ ገዢዎች፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞች፣ ይህን እያዩ ለየመንግሥታቸው ጻፉ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ኤድዋርድ ግሬይ፣ በሎንዶን የፈረንሳይ አምባሳደር ፖል ካምቦንና የኢጣልያው አምባሳደር ማርኪዝ ዲ ሳን ጁልያኖ ስለ ኢትዮጵያ የተዘጋጀውን የሦስት መንግሥታት ውል ፈረሙ። ኢትዮጵያዊ ፊርማ አልነበረበትም።

ወረቀቱ ሲጀምር ያማረ ነው። ሦስቱ መንግሥታት በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ እንዳለ እንዲጠበቅ ይተባበራሉ ይላል። ወደ አራተኛው አንቀጽ ሲደርስ ግን፣ ይህ ሁኔታ ምናልባት ቢናወጥስ ብሎ ይጠይቅና እያንዳንዱ የሚጠብቀውን ጥቅም ይዘረዝራል። ለእንግሊዝና ለግብፅ የዓባይ ተፋሰስ፣ በተለይም የዓባይና የገባሮቹ ውኃ አስተዳደር፤ ለፈረንሳይ ከጅቡቲ በስተ ጀርባ ያለው አገርና የባቡር ሐዲዱ የሚያልፍበት ምድር፤ ለኢጣልያ ከኤርትራና ከሶማልያ በስተ ጀርባ ያለው አገርና ሁለቱን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኩል የሚያገናኝ መሬት። ለአካባቢው ሰው ጥቅም ተገቢው አስተያየት ይደረጋል የሚል ሐረግም በቅንፍ ውስጥ ተጨምሮበታል። በዚህ ውል ውስጥ የፎገራ ሰው ስፍራ ያገኘው በዚያች ቅንፍ ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን አንባቢያችን ካርታ ዘርግቶ ይመልከት። ርብና ጉማራ የጣና ገባሮች ናቸው፤ ጣና የጥቁር ዓባይ ምንጭ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ፊደል መሠረት ፎገራ ለእንግሊዝ ደረሰ ማለት ነው። ነገር ግን ከኤርትራ ተነሥቶ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ እያለፈ ወደ ሶማልያ የሚወርድ የመሬት ማገናኛ በየት በኩል ሊያልፍ ይችላል? በጣና አካባቢ ካልሆነ ብዙ ምርጫ የለውም። ስለዚህ የኢጣልያም ዓይን በዚሁ ምድር ላይ ነበረ። ውሉን የጻፉት ሰዎች ይህን መደራረብ ሳያውቁት አልቀሩም፤ የእንግሊዝ ጥቅም የኢጣልያን ጥቅም ሳይነካ ነው ብለው አለፉት። መሬቱና ውኃው እንዴት እንደሚለያዩ ግን አልጻፉም። ርብ ሞልቶ ሜዳውን በሸፈነ ጊዜ የትኛው ውኃ የትኛው መሬት እንደ ሆነ የፎገራ ገበሬ ራሱ መለየት አይቻለውም።

ዳግማዊ ምኒልክ የውሉ ቃል ሲደርሳቸው የሰጡት መልስ አጭር ነበር። መንግሥታቱ ነፃነታችንን ለመጠበቅ ስለ ማሰባቸው አመሰገኑ፤ ቀጥለውም ይህ ስምምነት የእኛን የመንግሥት ሥልጣን በምንም መንገድ እንደማይወስን ይታወቅ አሉ። በምስጋና ተጠቅልሎ የቀረበ እምቢታ ነው። የጠበቁትም ነገር አልሆነም። ዳግማዊ ምኒልክ ታመው ቆይተው በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጅ ኢያሱ ተነሡ፣ ወረዱም፤ የሰገሌ ጦርነት ሆነ፤ መንግሥቱ ግን አልፈረሰም። ወረቀቱ በየመዝገብ ቤቱ ተቀምጦ ቀረ።

ተቀምጦ ቀረ እንጂ አልሞተም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1912 ዓ.ም.፣ ኢጣልያ ወደ እንግሊዝ ቀርባ አንድ ሐሳብ አቀረበች፤ እናንተ በጣና ግድብ ሥሩ፣ እኛ ከኤርትራ ወደ ሶማልያ የባቡር ሐዲድ እንዘርጋ፣ አንዳችን ለአንዳችን በአዲስ አበባ ፊት እንደጋገፍ የሚል ነበር። እንግሊዞች በዓባይ ምንጭ አጠገብ ሌላ ኃያል መንግሥት እንዲቀመጥ አልወደዱምና ሐሳቡን መለሱት። በእነዚያው ዓመታት ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ልከው ጣናን አስጠኑ። በሱዳን የጀዚራ የጥጥ እርሻ ይሰፋ ነበር፤ ለእርሱ የሚሆን የሰናር ግድብ በ1918 ዓ.ም. ገደማ ተጠናቀቀ፤ ጥጡ ደግሞ በበጋም ውኃ ይሻል። የጣና ሐይቅ ከመውጫው ላይ ተገድቦ የክረምቱን ውኃ ቢያጠራቅም ለጥጡ የሚበቃ ነበር።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሐይቅ ሲገደብ ከፍ ይላል። ከፍ ያለው ውኃ የሚተኛው ዳርቻው ዝቅ ባለበት በኩል ነው። የጣና ዳርቻ በደቡብና በምዕራብ በብዙ ስፍራ ቋጥኝና ጉብታ አለበት፤ በምሥራቅ ግን የፎገራ ሜዳ ነው። በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ የተጠራቀመ ውኃ ተብሎ በኪዩቢክ ሜትር የሚቆጠረው ነገር በፎገራ ቋንቋ ግጦሽ፣ የጓያ ማሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማለት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥትም በድርድሩ ሁሉ ስለ ሐይቁ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ማሳሰቡን አላቋረጠም።

እንግሊዝ በ1912 ዓ.ም. የመለሰችውን ሐሳብ ከስድስት ዓመት በኋላ ራሷ አነሣችው። ታኅሣሥ 5 እና 11 ቀን 1918 ዓ.ም. በሮማ የእንግሊዝ አምባሳደር ሰር ሮናልድ ግራሃምና ሙሶሊኒ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራትና ከሱዳን ወሰን እስከ ግድቡ የመኪና መንገድ ለማውጣት ከኢትዮጵያ ፈቃድ ስትጠይቅ ኢጣልያ ትደግፋለች፤ በለውጡ ኢጣልያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ለሚያልፈው ሐዲዷ እንግሊዝ ትደግፋለች፤ በምዕራብ ኢትዮጵያም ኢጣልያ ብቻዋን የኢኮኖሚ ተሰሚነት እንዲኖራት እንግሊዝ ትቀበላለች ተባለ። በ1899 ዓ.ም. ተደራርበው የቀሩት መሬትና ውኃ በዚህ ደብዳቤ ተለያዩ፤ ውኃው ለአንዱ፣ መሬቱ ለሌላው ሆነ።

ይሁን እንጂ የ1918 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የ1899 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አልነበረችም። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ቀን የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን የደብዳቤዎቹ ቃል እንደ ደረሳቸው ሰኔ 12 ቀን 1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ የክስ ጽሑፍ ላኩ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፤ አንድ የማኅበሩ አባል ሳያውቅ ሁለት አባሎች ስለ አገሩ እንዲህ ሊዋዋሉ ይገባቸዋልን? የሚል ነው። ሎንዶንና ሮማ ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው ጻፉ፤ ይህም መልስ በማኅበሩ መዝገብ ገባ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ክስ ፍሬ የሌለው የወረቀት ጩኸት አድርገው ያዩታል፤ እኛ አንስማማም። በምስጢር የተጻፈ ነገር በአደባባይ ከተነበበ በኋላ እንደ ቀድሞው አይሠራም። በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልኮ ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ አነጋገረ። በኋላም የኩባንያው መሐንዲሶች መጥተው ሐይቁን አጠኑ። ግድቡን የሚሠራው ማን እንደ ሆነ የሚመርጠው ባለ አገሩ ነው የማለት ያህል ነበር።

ጦርነቱ ይህን ሁሉ አቋረጠው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የኢጣልያ ጦር ትግራይ ገብቶ ሳለ፣ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ሌላ ካርታ ሳሉ። ምሥራቅ ትግራይና ኦጋዴን ለኢጣልያ ይሰጣል፤ በደቡብ ሰፊ አገር የኢጣልያ የሰፈራና የኢኮኖሚ ክልል ይሆናል፤ ኢትዮጵያ በምትኩ ወደ አሰብ የምትወጣበት ቀጭን መንገድ ታገኛለች። የእንግሊዝ ሕዝብ ይህን በጋዜጣ ባነበበ ጊዜ ተቆጣ፤ ሆርም በጥቂት ቀን ውስጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። የእንግሊዝ ጋዜጣ አንባቢ አንድ የመከፋፈያ ካርታ ቀደደ ማለት ይቻላል፤ ጦሩን ግን አላቆመውም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አዲስ አበባ ገባች። ግንቦት 24 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሶማልያን አንድ ላይ ደባልቆ የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ የሚል ስም የሰጠ ሕግ በሮማ ወጣ። ኢትዮጵያ የምትባል አገር በዚህ ሕግ ካርታ ላይ የለችም። ትግራይ ተወስዶ ከኤርትራ ጋር ተቀላቀለ፤ ኦጋዴን ከሶማልያ ጋር ሆነ፤ ሐረር አንድ ግዛት፣ ዋና ከተማው ጅማ የሆነ የደቡብና የምዕራብ ግዛት ሌላ ሆነ፤ አዲስ አበባ ለብቻዋ ቀርታ በ1931 ዓ.ም. በሸዋ ስም ሰፋች። በጌምድር፣ ጎጃምና ሌላውም ተደምሮ አማራ የተባለው ግዛት ሆነ፤ ዋና ከተማው ጎንደር ነበር። በጎንደር ፒያሳ የሚታዩት የዚያ ዘመን ሕንጻዎች የዚህ ካርታ ትራፊ ናቸው። ፎገራ በዚህ ጊዜ ከጎንደር ይታዘዝ ነበር ተብሎ ይጻፋል፤ በእውነቱ ግን የበጌምድር አርበኞች ከዋናው መንገድ ወጣ ባለው አገር ጠላትን ስላላስተኙት የኢጣልያ ትእዛዝ ብዙ ርቆ አይሄድም ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመን አንድ ነገር አለ። ሚያዝያ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ በሮማ ሲታረቁ ከፈረሟቸው ወረቀቶች አንዱ ስለ ጣና ሐይቅ ነበር። ኢጣልያ በጣና ውኃ ላይ ለእንግሊዝ ያለባትን ግዴታ እንደምታከብር አረጋገጠች። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀምጠው ሳለ፣ አርበኛው በየጫካው እየተዋጋ ሳለ፣ የ1894 ዓ.ም. ሦስተኛ አንቀጽ ከባለ አገሩ እጅ ወጥቶ ለወራሪው እንደ ውርስ ተላለፈ።

የኢጣልያ ግዛት አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ወደቀ። የደብረ ታቦር የኢጣልያ ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት እጁን ሰጠ። ከፎገራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን በር የያዘው ኩልቋል በር ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ብርቱ ውጊያ ተደርጎበት ተለቀቀ፤ ኅዳር 18 ቀን ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠና በኢትዮጵያ የነበረው የኢጣልያ ጦር አበቃ። በወረታ በኩል ለሚያልፍ መንገደኛ ጦርነቱ ተፈጸመ። ስለ ወሰን የሚደረገው ክርክር ግን እዚህ ላይ ነው የጀመረው።

የወደቀ መንግሥት ካርታ ከመንግሥቱ ጋር አይወድቅም፤ የወረሰው ሰው እንዳለ አንሥቶ ይሠራበታል። እንግሊዞች ኢትዮጵያን መጀመሪያ ከጠላት የተያዘ አገር ብለው በጦር አስተዳደር ደንብ ለመምራት አሰቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ የእንግሊዝ ባለሥልጣኖች ቅር አላቸው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የኢትዮጵያ መንግሥት ነፃነት ታወቀ፤ ሆኖም ኦጋዴን፣ ሐውድና የባቡሩ መስመር አካባቢ በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ቀረ። ኦጋዴን የሚተዳደረው ቀድሞ የኢጣልያ ከነበረችው ከሶማልያ ጋር ተጣምሮ ነበር። ለምን ቢባል፣ በ1928 ዓ.ም. ሮማ ላይ እንዲህ ሆኖ ስለ ተሰፋ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውና የእንግሊዙ ሎርድ ደ ላ ዋር የፈረሙት ሁለተኛው ውል ባለቤትነቱ የኢትዮጵያ መሆኑን ሳይነካ ይህንኑ አስተዳደር አራዘመው።

ከዚያ በ1938 ዓ.ም. የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን ለአራቱ ኃያላን ሚኒስትሮች ጉባኤ ሐሳብ አቀረበ፤ የኢጣልያን ሶማልያ፣ የእንግሊዝን ሶማሌ ምድርና የኢትዮጵያን ኦጋዴን አንድ አድርጎ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ማስቀመጥ የሚል። ሶቪየቶችና አሜሪካኖች አልተቀበሉትም፤ ኢትዮጵያም ተቃወመች። እዚህ ላይ ቅን ፍርድ ያስፈልጋል። የሐውድ ግጦሽ የሚጠቀምበት የሶማሌ አርብቶ አደር ዝናብ በዘነበበት ሁሉ ግመሉን ይዞ ይሄዳል እንጂ ወሰን አያውቅም፤ ለእርሱ መስመሩ አዲስ አበባም ሳበችው ሎንዶን ያው መስመር ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት የግዛታቸውን ወሰን ዘርዝረው ሲጽፉ በዳር አገር ያለውን ሰው አልጠየቁም። ስለዚህ ባዕድ ሳለው ብለን ብቻ አንዱን ካርታ ግፍ፣ የራሳችን ነው ብለን ሌላውን ጽድቅ ልናደርገው አይገባንም።

ኦጋዴን መስከረም 13 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ሐውድና ተጠብቆ የቆየው አገር ደግሞ የካቲት 21 ቀን 1947 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሱ፤ የሶማሌ ጎሳዎች የግጦሽ መብትም በውሉ ውስጥ ተጠብቆ ነበር። በኢትዮጵያና በሶማልያ መካከል ግን እንግሊዞች በ1942 ዓ.ም. ሶማልያን ለኢጣልያ ሞግዚትነት ሲያስረክቡ ለጊዜው ብለው ያሰመሩት መስመር ብቻ ቀረ። ሶማልያ በ1952 ዓ.ም. ነፃ ወጣች፤ በ1956 ዓ.ም. ግጭት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ደም ያፈሰሰ ጦርነት ሆነ።

የኤርትራ ነገር ከዚህም የበለጠ ተጉላላ። ከኢጣልያ ጋር በየካቲት 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የቀድሞ ቅኝ አገሮቿን ለቀቀች፤ አራቱ ኃያላን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ግን ነገሩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲሄድ ተወሰነ። አልተስማሙም። በግንቦት 1941 ዓ.ም. ቤቪንና የኢጣልያው ካርሎ ስፎርዛ ያዘጋጁት አንድ እቅድ ለጉባኤው ቀረበ፤ የኤርትራ ምዕራብ ቆላ ለሱዳን፣ የቀረው ለኢትዮጵያ፤ ከሊብያም ትሪፖሊ ለኢጣልያ፣ ቤንጋዚ ያለበት አገር ለእንግሊዝ፣ ፌዛን ለፈረንሳይ የሚል ነበር። ኤርትራን ስለ መክፈል የተጻፈው አንቀጽ ለብቻው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ አገኘ። ትሪፖሊን ለኢጣልያ የሚሰጠው አንቀጽ ግን በአንድ ድምፅ ጐደለው። ያችን ድምፅ የነፈገው የሃይቲ መልእክተኛ ኤሚል ሴንት ሎ ነበር። አንዱ አንቀጽ ሲወድቅ እቅዱ በሙሉ ወደቀ። ከረን፣ አቆርደትና ባረንቱ ወደ ሱዳን ያልተከለሉት፣ እነርሱን ከቶ አይቶ የማያውቅ ከካሪብ ባሕር ደሴት የመጣ አንድ ጥቁር ሰው ስለ ሌላ አገር ነገር እጁን ባለማንሣቱ ነው።

ከበርማ፣ ከጓቴማላ፣ ከኖርዌይ፣ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጣ መርማሪ ኮሚሲዮን በ1942 ዓ.ም. ኤርትራን ዞሮ አየ፤ አምስቱ በአንድ ሐሳብ መስማማት እንኳ አልቻሉም። አክሊሉ ሀብተ ወልድ የኢትዮጵያን ክርክር ይዘው በፓሪስና በተባበሩት መንግሥታት አደባባይ ብዙ ደከሙ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጉባኤው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ወሰነ፤ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያም ሥራ ላይ ዋለ። በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ መፍረሱ፣ ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነትና ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ነፃ መውጣቷ ሌላ ረጅም ጽሑፍ የሚሻ ነው፤ እዚህ አንገባበትም።

ስለ ወሰን የምንናገር ከሆነ ግን አንድ ነገር መታከል አለበት። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ የወሰን ኮሚሲዮኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ፍርድ ሲሰጥ የመረመረው በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረሙትን ውሎች ነበር። ባድመን ለኤርትራ የሰጠው ፍርድ መሠረቱ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው። በአንጻሩ በ1899፣ በ1918 እና በ1928 ዓ.ም. የተሳሉት ታላላቆቹ የመከፋፈያ ካርታዎች ዛሬ ማንም ወሰን ብሎ አይጠቅሳቸውም። ልዩነቱ ከየት መጣ ብለን አስበናል። ሦስቱ የኢትዮጵያ ፊርማ የለባቸውም፤ የቀሩት ግን የዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም አለባቸው። ስለዚህ የሚከብደው ባዕድ ብቻውን የሳለው መስመር ሳይሆን እኛ ያተምንበት ይመስለናል።

የ1894ቱ የሱዳን ውልም እንዲሁ ሆነ። ወሰኑን በምድር ላይ ምልክት እንዲያደርግ የታዘዘው እንግሊዛዊው መኰንን ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን ነበር። በ1895 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወኪል አብሮት ሳይኖር ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተጓዘ ምልክቱን አደረገ። በመተማ በስተ ሰሜን በኩል በአንዳንድ ስፍራ ወሰኑን ከውሉ ቃል ወደ ምሥራቅ አስጠግቶታል የሚል ክርክር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተቋረጠም። ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን በተለዋወጡት ደብዳቤ የጉዊንን መስመር ጥቂት ማስተካከያ ተደርጎበት እንዲጸና ተስማሙ፤ በምድር ላይ ዳግመኛ ሳይተከል ግን ዓመታት አለፉ። ፋሻጋ በተባለው ለም መሬት ላይ የኢትዮጵያና የሱዳን ገበሬዎች ሲያርሱና ሲጋጩ ቆይተው በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር አብዛኛውን ስፍራ ያዘ።

ስለ ውኃው የተጻፈው ሦስተኛው አንቀጽ ግን የጥጥ አብቃዮቹ እንዳሰቡት አልሆነም። በጣና መውጫ ላይ ጨረ ጨራ የተባለውን መቆጣጠሪያ፣ ቀጥሎም በርብ ወንዝ ላይ ግድብ የሠራችው ኢትዮጵያ ራሷ ናት። የርቡ ግድብ ውኃ የተወጠነው ለጀዚራ ጥጥ ሳይሆን በወረታ በስተ ምዕራብና በአዲስ ዘመን ሥር ላለው የሜዳ እርሻ ነው።